ሮጠች ይላል ወረቀቱ

ውሻው ባቷን ሲይዛት ኬዚያ ቶሊቨር መጀመሪያ የተሰማት ክብደቱ ነው። አሸዋ የሞላ ጆንያ ከኋላዋ የተወረወረባት መሰላት። በግንባሯ አስፋልቱ ላይ ተደፋች፤ የትሮምቦኗ ሣጥን ከእጇ አምልጦ መንገዱ ላይ ተንሸራተተ። ሕመሙ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ውሻው ጥርሱን እንደሰካ ራሱን ግራና ቀኝ ሲያወዛውዝ ነው።

«አትንቀሳቀሺ!» ይላል ከበላይዋ የቆመ ፖሊስ። «አትታገዪ! አትንቀሳቀሺ!»

እየታገለች አልነበረም። እግሯ በራሱ ጊዜ ይራገጣል። በተራገጠች ቁጥር ውሻው አጥብቆ ይነክሳል፤ አጥብቆ በነከሰ ቁጥር ደግሞ ትራገጣለች። ፖሊሱ ማሰሪያውን ይዟል፤ ግን አልጎተተውም።

ታላቅ ወንድሟ ኤልሮይ የሚሠራው መንገዱ ማዶ ካለው ጎሚስታ ቤት ነው። ጩኸቷን ሰምቶ ዘይት የጠጣ ቱታውን እንደለበሰ ብር ብሎ መጣ። ፖሊሱን አልነካውም። የወደቀውን የትሮምቦን ሣጥን አነሳና ውሻውን ጀርባው ላይ መታው። አልለቀቀም። ሁለተኛውን ጭንቅላቱ ላይ ሲያሳርፍበት ለቀቀ።

ሁለተኛ ፖሊስ ከመኪናው ወርዶ ኤልሮይን በብረት ዱላ ጉልበቱ ላይ አለው። ሲንበረከክ በጫማ አገጩን መታው። ኬዚያ አጥንት ሲሰበር ሰማች፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ። ከዚያ ሁለቱም ደረቱ ላይ ተረባረቡበት። የኋለኞቹን ምቶች ሲያሳርፉበት እጆቹ ከኋላው በካቴና ታስረው ነበር። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው።

ዕለቱ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ነበር፤ ጠራራ ፀሐይ። ፖሊሶቹ የሚያሳድዱት ግራጫ ጃኬት የለበሰና ከነዳጅ ማደያው ሱቅ ቢራ ሰርቆ የሸሸ ልጅ ነበር። የኬዚያ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ቡድን ጃኬት ግራጫ ነው። ልጁ በማግስቱ አክስቱ ቤት ቁርስ ሲበላ ተገኘ።

ባቷ በሠላሳ አራት ስፌት ተሰፋ። ገና ሆስፒታል አልጋ ላይ እያለች ከወረዳው የፖሊስ አዛዥ፣ ከሸሪፉ፣ ቢሮ አንድ መርማሪ መጥቶ፣ ፖሊሶቹን ስታይ ሮጣ እንደሆነ ጠየቃት። እናቷ ሎሬይን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። በዚያን ቀን ከሰዓት ከኬዚያ ጋር ከሙዚቃ ልምምድ ስትመለስ የነበረችው ጓደኛዋ ታቪያ በሩ ላይ ቆማለች።

«አልሮጥኩም» አለች ኬዚያ። «ቆሜ ነበር።»

መርማሪው ወደ ታቪያ ዞረ። ታቪያ ጓደኛዋን አየቻት፤ ከዚያ መሬት መሬቱን እያየች «አዎ፣ ቆማ ነበር» አለች።

እውነቱ ሌላ ነው። መኪናው ሲጥ ብሎ ቆሞ፣ የኋላ በሩ ተከፍቶ የውሻው ድምፅ ሲሰማ ታቪያ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ኬዚያ ግን ሮጠች። ምናልባት ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው። ውሻው ታቪያን አልፎ ነው የመጣባት።

የዋሸችው ለራሷ ብቻ ብላ አይደለም። ፖሊሶቹ የሞሉት ወረቀት «ተጠርጣሪዋ ሮጠች» ይላል። በቴልፎርድ ወረዳ የሸሪፍ ቢሮ ደንብ ደግሞ በሚሮጥ ተጠርጣሪ ላይ ውሻ መልቀቅ ይፈቀዳል። ሮጣለች ከተባለ ውሻው ሥራው ላይ ነበር ማለት ነው። ውሻው ሥራው ላይ ከነበረ ደግሞ ኤልሮይ ፖሊስ እንደመታ ይቆጠራል፤ ለዚያም ዓመታት ሊታሰር ይችላል። ኬዚያ ይህን አስልታ ጨርሳ ነበር የመለሰችው።

በሦስተኛው ሳምንት ኮንስታንስ ብሪግስ የምትባል ጠበቃ ከሞንትጎመሪ መጣች። ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ሎሬይን በረዶ የገባበት ጣፋጭ ሻይ ቀዳችላትና የሆነውን ሁሉ አወራቻት። ለሸሪፉ ቢሮ ሁለት ጊዜ አቤት ብላለች፤ ሁለቱንም ጊዜ የደረሳት መልስ «ጉዳዩ ተጣርቷል፤ ጥፋት አልተገኘም» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ጠበቃዋ ቦርሳዋን ከፍታ ሌሎች ደብዳቤዎች አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ያችው መስመር ናት። የተለያየው ስሙ ብቻ ነው።

«በአራት ዓመት ውስጥ አርባ አንድ ሰው ተነክሷል፣ ሚስ ሎሬይን» አለች። «ሁሉም ለየብቻው አቤት አለ፤ ሁሉም ለየብቻው ተጣለ። አንድ ሰው ሲመጣ “አጋጣሚ ነው” ብለው ይሸኙታል። አርባ አንዱ በአንድ ክስ ሲቆሙ ግን አጋጣሚ ነው ብሎ የሚያልፍ ዳኛ አይገኝም።»

የቡድን ክስ እንደሚባል ነገረቻቸው። አንድ ሰው በስሙ ይከሳል፣ ለሌሎቹም ይቆማል። የሚፈረደው ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ለሌለው፣ ለመናገር ለሚፈራው፣ ነገ ለሚነከሰውም ጭምር ነው። ስሙ ከፊት የሚጻፈው ሰው ግን እምነት የሚጣልበት መሆን አለበት፤ እሱ ከተሰናከለ ሌሎቹም አብረውት ይሰናከላሉ። ይህን ከተናገረች በኋላ ወደ ኬዚያ ዞራ በእርግጥ ሮጣ እንዳልነበረ ጠየቀቻት።

ኬዚያ አልሮጥኩም አለች። እናቷ ፈረመች፤ እሷም ከሥሯ ፈረመች።

ክሱ በጋዜጣ በወጣ በሁለተኛው ቀን፣ ራት እየበሉ ሳለ የጡብ ስባሪ በሳሎኑ መስኮት ገባ። የሎሬይንን ቅንድብ ቀደደው፤ ደሟ ሳህኗ ላይ ተንጠባጠበ። ከዚያ ወዲህ የሸሪፉ መኪና ጠዋት ጠዋት ኬዚያን እስከ ትምህርት ቤት ድረስ በእግረኛ ፍጥነት ይከተላት ጀመር። የኋላው መስኮት ትንሽ ወረድ ይላል፤ ውሻው በዚያ አፍንጫውን አውጥቶ ይጮኽባታል። አንድ ቀን በትምህርት ቤቱ በራፍ ላይ ሱሪዋን አራሰች። ጃኬቷን ወገቧ ላይ አስራ እስከ ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ እንደዚያው ዋለች።

ኤልሮይ ከታሰረ በአሥራ አንደኛው ቀን እስከ ችሎቱ ድረስ ተለቅቆ ነበር። መንጋጋው በሽቦ ተጠፍሯል፤ የሚበላው ሁሉ ተፈጭቶ በቀጭን ቱቦ ነው። እስር ቤት ውስጥ ማን ጎኑን እንደሰበረው ቢጠየቅ ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አይናገርም።

ታቪያ ለምስክርነት መጥሪያ የደረሳት በኅዳር ነው። ኬዚያን በልጃገረዶች ልብስ መቀየሪያ ክፍል አገኘቻትና ወረቀቱን አሳየቻት።

«በናትሽ ኬዚ፣ እኔ መጽሐፍ ላይ እጄን ጭኜ አልዋሽም» አለች።

«አንዴ ብለሻል’ኮ። ያንኑ ትደግሚያለሽ፣ በቃ።»

«ያን ጊዜ ደም በደም ሆነሽ አልጋ ላይ ነበርሽ። አሁን ግን አርባ ሰው አለበት። ቢያውቁብንስ?»

«አቦ ማን ይነግራቸዋል? ካንቺ በቀር ማን አየ?»

ታቪያ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች። «እኔማ አይቻለሁ። እኔ ስቆም አንቺ ጥለሽኝ ሮጥሽ። አንዴ እንኳ ዞር ብለሽ አላየሽኝም።»

ኬዚያ መታቻት። የታቪያ ጭንቅላት ከብረት ቁም ሣጥኑ ጋር ተጋጨ፤ ስትወድቅ የላይኛው ከንፈሯ የአግዳሚ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተሰነጠቀ። ኬዚያ አላቆመችም። በጉልበቷ ደረቷ ላይ ወጥታ በሁለት እጇ ደጋግማ መታቻት። ታቪያ አልተማታችም፤ ፊቷን በክንዶቿ ለመሸፈን ብቻ ትንፈራገጣለች።

«አትንቀሳቀሺ!» ትላለች ኬዚያ እየመታቻት። «አትንቀሳቀሺ!»

ድምፁ ጆሮዋ ሲገባ እጇ አየር ላይ ቀረ። የስፖርት መምህርቷ ከኋላ ይዘው ሲያነሷት አልታገለቻቸውም። ሲሚንቶው ላይ ደምና የጥርስ ስባሪ ነበር።

ለሁለት ሳምንት ከትምህርት ታገደች። የመጀመሪያውን ቀን ኤልሮይ አጠገብ፣ የኋላ በሩ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አሳለፈች። ማታ ለእናቷ ከመናገሯ በፊት ለእሱ ነገረችው። ሮጣ እንደነበር፣ ለምን እንደዋሸች፣ ታቪያን ምን እንዳደረገቻት።

«አውቃለሁ» አለ ኤልሮይ በተጠፈረ ጥርሱ መሃል። «አይቼሻለሁ። ስትሮጪ ከጎሚስታ ቤቱ አይቼ ነው፣ ስትጮኺ የመጣሁት።»

«እውነቱን ከተናገርኩ አንተ ትታሰራለህ።»

«በእኔ አታመካኚ ኬዚ። ውሻውን የመታሁት እኔ ነኝ፤ የመጣውን እቀበላለሁ። ያንቺን ውሸት ግን አልሸከምልሽም።»

ተከሳሾቹ ኬዚያን በመሐላ የሚጠይቁበት ቀን ሲቀርብ፣ የተነከሱት ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተሰበሰቡ። ሠላሳ የሚያህል ሰው መጥቷል። የተጠበሰ አሣና የበቆሎ ዳቦ በወረቀት ሳህን ይዞራል። ኬዚያ አብዛኞቹን በመልክ እንጂ በቁስላቸው አታውቃቸውም ነበር። ክንዱ እስከ ክርኑ የተጎረደ አናጺ አለ። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ጭኗን የተነከሰች ሴት አለች። ሰባ አንድ ዓመት የሞላቸው ሚስተር ሆሊስ ፓትሪጅ በከዘራ መጥተዋል፤ ፖስታ ለማየት ከቤታቸው እንደወጡ ነው ውሻው ታፋቸውን የዘነጠላቸው። ወይዘሮ ዋይኖና ፍሬዘር ብቻቸውን ከኋላ ተቀምጠዋል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸው ሬኔ በረንዳ ላይ ተኝታ ሳለ ውሻ ወጥቶባት አንድ ዓይኗን አጥታለች፤ ከቤት አትወጣም።

ሚስ ብሪግስ ስለ መጪው ቀን አስረድታ ስትጨርስ ኬዚያ ተነሳች። የወንበሩን መደገፊያ ያዘች።

«እኔ ሮጬ ነበር» አለች። «ወረቀቱ ላይ የፈረምኩት ውሸት ነው።»

ሹካ የያዘ ሁሉ ሹካውን አስቀመጠ። ሚስ ብሪግስ መነጽሯን አወለቀች፤ ፊቷ ላይ ኬዚያ አይታው የማታውቀው ቁጣ ነበር። ቀድመው የተናገሩት ግን ወይዘሮ ዋይኖና ናቸው፤ ከኋላ ሆነው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ።

«ልጄ ተኝታ ነበር» አሉ። «ዓይኗን በጥርሱ አወጣው፣ ወረቀታቸው ሮጠች ይላል። ዓመት ሙሉ አልሮጠችም እያልኩ በየቢሮው ስማጸን ከረምኩ። አሁን አንቺ ተነስተሽ ሮጬ ነበር ትያለሽ፤ የእኔንም ከአንቺ ጋር ቀላቅለው ያችኛዋም ሮጣ ነው ይላሉ። የልጄን ብቸኛ እውነት ነው የወሰድሽባት።»

ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። የደረጃው በር ከኋላቸው ተዘጋ። ሴትየዋ የተናገሩት ትክክል ነበር።

ከዚያ የሚስተር ሆሊስ ከዘራ ወለሉን ሁለቴ ነካ።

«እኔም ሮጫለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ሩጫ ከተባለ። በዚህ ዳሌ ሦስት እርምጃ ያህል ወደ ቤቴ በር ተውተረተርኩ። ለሚስ ብሪግስ አልነገርኳትም። አፍሬ ነው። የሮጥኩት ጥፋተኛ ብሆን ነው ብዬ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ።»

አናጺው ጉሮሮውን ጠረገ። እሱም ሮጧል፤ ለሚስቱ እንኳ አልተናገረም። ነፍሰ ጡር የነበረችው ሴት መሮጥ ስላልቻለች መኪና ሥር ለመግባት ሞክራ ነበር። ሌላ ተናገረ፤ ሌላ ቀጠለ። ከመካከላቸው ዘጠኙ ያንኑ ነገር ደብቀው ኖረዋል፤ እያንዳንዱም ሌሎቹ ሁሉ ንጹሕ ናቸው፣ ክሱን የማበላሸው እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ያምን ነበር።

«“ቁም” ያላችሁ ፖሊስ ነበር?» ስትል ጠየቀች ሚስ ብሪግስ።

ማንም እጁን አላወጣም።

ሚስ ብሪግስ ኬዚያን ወደ ወጥ ቤቱ ይዛት ገባች። አላባበለቻትም። ከሳሾች ሳይሆኑ ተከሳሾች ቀድመው ቢደርሱበት ኖሮ አርባ አንዱንም አብራ ትቀብራቸው እንደነበር ነገረቻት። በሚቀጥለው ጠዋት ወረቀቱ መታረም አለበት፤ የሚስተር ሆሊስ ስምም ከፊት ይገባል። ዳኛዋ ኬዚያ ለሌሎች ለመቆም አትበቃም ሊሉ ይችላሉ። የወረዳው ጠበቃ ውሸታም እያለ ሰዓታት ሙሉ ያፋጥጣታል፤ ሕጉም ይፈቅድለታል። ይህን የማትችይ ከሆነ ስምሽን አሁኑኑ አወጣዋለሁ፣ ማንም አይቀየምሽም አለቻት።

«ይቆይ» አለች ኬዚያ።

እንደተባለውም ሆነ። የወረዳው ጠበቃ አምስት ሰዓት ጠየቃት። ፖሊሱ ደረቱ ላይ የሰካው ካሜራ የቀረጸውንና ወረዳው እስከዚያን ቀን ያላወጣውን ምስል ስምንት ጊዜ አሳያት፤ በስምንቱም ጊዜ የራሷን ጩኸት ሰማች፣ የኤልሮይ አገጭ ሲሰበርም አየች። ዋሽተሻል ወይ ሲላት አዎ አለችው። ሮጠሻል ሲላት አዎ አለችው። ለምን ዋሸሽ ሲላት ወንድሜ እንዳይታሰር አለችው። በመጨረሻ ሚስ ብሪግስ ያው ምስል ከመጀመሪያው እንዲታይ ጠየቀች፤ የመኪናው በር ከሚከፈትበት እስከ ንክሻው ድረስ። አራት ሰከንድ ነው። በአራቱ ሰከንድ ውስጥ የሰው ድምፅ የለም።

ታቪያም መሰከረች። ከንፈሯ ላይ ያለው ስፌት ገና አልደረቀም ነበር። ኬዚያ ኮሪደሩ ላይ ይቅርታ ስትጠይቃት «አልማርኩሽም» አለቻት። «የመጣሁት ለሌሎቹ ነው።» እስከ ዛሬም እንደ ድሮው አይደሉም።

ክሱን ያጸናው የወረዳው የራሱ መዝገብ ሆነ። አርባ አንዱም ወረቀት አንድ ሰው የጻፈው ይመስል «ተጠርጣሪው ሮጠ» ይላል። ሰባ አንድ ዓመት የሞላቸው፣ ዳሌያቸው የተሰበረ ሽማግሌ «በከፍተኛ ፍጥነት» ሮጠዋል። ዳኛዋ የሬኔ ፍሬዘር ወረቀት ላይ ሲደርሱ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ልጅቱ ተኝታ ነበር የሚሉት እናቷ ብቻ ናቸው ወይ ብለው ጠየቁ፤ የተጠራው የአምቡላንስ ሠራተኛም ከነትራሷ እንዳነሳት ጽፏል ተባሉ። በዚያው ወር ክሱ በአርባ አንዱም ስም እንዲቀጥል ፈቀዱ። የኬዚያም ስም ከፊት ቀረ፤ የዋሸችውን ራሷ አርማለች ብለው ነው።

የቀረው አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። በመካከሉ ሌላ ሰው ተነከሰ፤ አርባ ሁለተኛ ሆነ። የኤልሮይ ክስ ተሰረዘ፣ መንጋጋው ግን እስከ ዛሬ ቀጥ ብሎ አይገጥምም። በመጨረሻ ወረዳው ስምምነት ፈረመ። ውሻ መሣሪያ ባልያዘ ሰው ላይ አይለቀቅም፤ ከመለቀቁ በፊት ማስጠንቀቅ ግዴታ ነው፤ አቤቱታውን የሚያየው ሸሪፉ ሳይሆን ፍርድ ቤቱ የሾመው ሰው ነው። የቀረው ዳኛዋ ስምምነቱን ከማጽደቃቸው በፊት የተጎዱትን የሚሰሙበት ቀን ብቻ ነበር። በሁሉም ስም የምትናገረው ኬዚያ እንድትሆን ተወሰነ። የምትለውን በሁለት ገጽ ጽፋ ጨርሳለች።

ለችሎቱ አራት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኤልሮይ በመኪናው ወደ ሚል ጎዳና ወሰዳት። የወይዘሮ ዋይኖና ቤት በረንዳው በሽቦ መረብ ታጥሯል። አብሬሽ ልግባ ቢላት እንዲጠብቃት ነገረችው።

በሩን የከፈተችው ሬኔ ናት። የግራ ዓይኗ ቦታ በቆዳ ተሸፍኗል፤ ጠባሳው እስከ ጆሮዋ ይደርሳል። እናቷ ሥራ ላይ ናቸው።

«ሮጬ ነበር ያልሽው አንቺ ነሽ?» አለች።

«አዎ።»

«እናቴ ስምሽን እንኳ አትጠራም።»

«እውነታቸውን ነው» አለች ኬዚያ። ከዚያ ስለ ችሎቱ ነገረቻት። ወረቀቱን ከኪሷ አወጣች፤ ልትሰጣት አስባ ነበር፣ ግን በእጇ ላይ ስታየው የእሷ ቃል ነው፤ ለሬኔ የሚሆን አንድም መስመር የለበትም። መልሳ ከተተችው።

«እኔ ለሁሉም ልናገር ነበር» አለች። «ያንቺን ግን እኔ መናገር አልችልም። ቦታዬን ልለቅልሽ ነው የመጣሁት። ካልፈለግሽ የተናጋሪው ወንበር ባዶ ይሁን፤ ለዳኛዋ ያንቺ ነው እላቸዋለሁ።»

ሬኔ በሩን ይዛ በአንድ ዓይኗ አየቻት። ከመንገዱ ማዶ የኤልሮይ መኪና ሞተሩ ጠፍቶ ቆሟል።

«ሰው ይበዛል?» አለች።

«ይበዛል።»

ሬኔ በሩን አልዘጋችም። ወደ ውስጥ ገባች፤ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። በአንድ እጇ ወንበር፣ በሌላው ደብተርና እርሳስ ይዛ ወጣችና በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ምን እንደምትጽፍ ኬዚያ አልጠየቀችም። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ለወንድሟ ትንሽ እንዲታገስ በእጇ ምልክት ሰጠችው።